ማረሻ ከመሸጥ ለቅሶ እስከ መድረስ

ጥያቄ፦ የባለ እጅ ልጅ ነኝ፤ በሰሜን ሸዋ በአንዲት የወረዳ ከተማ አስተምራለሁ። ቤተሰቤ ከቤተ እስራኤል ወገን ሲሆን፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሰንበትን በቤቱ ተደብቆ ሲያከብር፣ በአደባባይ ደግሞ እንደ ጎረቤቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ኖሯል። ቡዳ ተብለን ተሰድበናል፤ የልጅነት ጓደኞቼ ቤታችን እህል አይቀምሱም ነበር። አሁን እኛ ወጣቶቹ እምነታችንን በግልጽ ይዘን ከሕዝቡ ጋር መኖር እንፈልጋለን፤ ሽማግሌዎቻችን ግን ይፈራሉ። የሙያችንን ጠቃሚነት ለሕዝቡ በማስረዳት ብንጀምር ምን ይመስልዎታል? እናቴም አርጅታለች፤ ስትሞት የት እንቀብራታለን የሚለው ነገር ያስጨንቀኛል።

ምላሽ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የኅብረተሰብ ታሪክ አጥኚ እንደ መሆኔ ከአንኮበር እስከ መንዝ የባለ እጆችንም የገበሬዎችንም ሽማግሌዎች ሳነጋግር ብዙ ዓመት ስላሳለፍኩ፣ የጻፉት ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሆነብኝ በግልጽ መጠየቁ ነው። በመጨረሻ እንደ ተጨማሪ ያነሡት የእናትዎ ጉዳይ በእኔ ግምት የጥያቄው ሁሉ እምብርት ስለሆነ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን በመነሻ ሐሳብዎ እንደማልስማማ መናገር ይኖርብኛል።

የሙያችንን ጠቃሚነት እናስረዳ ብለዋል። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ግን የባለ እጅን ጠቃሚነት የሚያስረዳው ሰው አያሻውም። ማረሻው ሲዶለዱም ይዞት የሚሄደው ወደ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ወገሉን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን ማን እንደሠራለት ያውቃል፤ ባለቤቱም እንጀራ የምትጋግርበት ምጣድ፣ ጠላ የምትጠምቅበት ጋን፣ ቡና የምታፈላበት ጀበና ከማን እጅ እንደወጣ ታውቃለች። የተገፋችሁት ጥቅማችሁ ሳይታወቅ ቀርቶ ሳይሆን እየታወቀ ነው። እንግዲህ መጠየቅ ያለብን፣ ያለ እናንተ ሥራ አንድ ክረምት እንኳን ማረስ የማይሆንለት ሕዝብ ከእናንተ ጋር አንድ ገበታ መቅረብን ለምን ፈራ የሚለውን ነው።

በትውፊት ሲነገር እንደቆየው፣ ከ1414 እስከ 1429 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ከቤተ እስራኤል ጋር ተዋግቶ ድል ካደረገ በኋላ፣ የተጠመቀ ብቻ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን መሬት አልባ ሆኖ እንዲኖር አዝዟል። ነገሩ በአንድ ቀን ትእዛዝ የተፈጸመ ሳይሆን በረጅም ዘመን የሆነ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ የኋላው ውጤት ግን አያከራክርም። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ማደር ጀመረ፤ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ሸማ ሸመነ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነገር አለ። ርስት ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር በድንበር፣ በውርስ፣ በደቦና በወንፈል፣ በግብር፣ አልፎ ተርፎም በክርክርና በእርቅ ይተሳሰራል፤ በርስት የተጣሉ ሰዎች እንኳን በሽማግሌ ፊት ስለሚገናኙ ዘመድ መሆናቸው አይቀርም። ርስት የሌለው ግን ከሌላው ጋር የሚገናኘው በገበያ ብቻ ነው፤ የገበያ ግንኙነት ደግሞ ዋጋው ተከፍሎ ዕቃው ሲወሰድ እዚያው ያልቃል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ማረሻቸውን ከአንድ ቀጥቃጭ ዘንድ ያሳሉ አንድ አዛውንት ገበሬ አጋጥመውኛል፤ ከወናፉ አጠገብ ቆመው ብዙ ሰዓት ጠብቀዋል፣ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ ዋጋ ተጨዋውተዋል፤ ስንት ልጆች እንዳሉት ግን አያውቁም ነበር።

የቡዳ እምነት ያደገው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ልጅ ሲታመም፣ የላም ወተት ሲነጥፍ፣ ሙሽራ ሲከሳ ሰው ምክንያት ይፈልጋል፤ ጥርጣሬውም የሚያርፈው ሁሉም በሚያስፈልገው ግን ማንም ቤቱን በማያውቀው ሰው ላይ ነው። ስለ ቡዳ የሚነገረው ሁሉ በዓይንና በምግብ ዙሪያ የሚያጠነጥን መሆኑንም ልብ ይበሉ። ፍርሃቱ የተቀመጠው ገበታ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሙያን ክብር የሚያስረዳ ንግግር፣ ምንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ፍርሃቱ ያለበት ቦታ አይደርስም።

አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን ይህ ሁሉ በዓይን ይታይ ነበር። ከ1839 እስከ 1842 (እ.ኤ.አ.) በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የቆየው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ፣ በአንኮበር አካባቢ ጫካ ውስጥ ስለሚኖሩ «ጠቢባን» ስለሚባሉ ባለ እጆች ጽፏል፤ ሥራቸው የሚፈለግ፣ እነሱ ራሳቸው ግን እንደ አስማተኛ የሚፈሩ ነበሩ። ጠቢብ የሚለው የክብር ቃል ጠይብ ሆኖ ስድብ እስኪሆን የተጓዘው መንገድ ብቻውን ብዙ ይናገራል። የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ገበሬውን አፈር ገፊ፣ ነጋዴውን መጫኛ ነካሽ እያሉ መሳደብ አገር ያጠፋል ብለው ከለከሉ፤ ሥራን መናቅ ባለሙያን እንደሚያሸሽም ተናገሩ። ከዚህ የተሻለ የሙያን ጠቃሚነት ያስረዳ ሰው አላውቅም፤ ያስረዳውም ንጉሠ ነገሥት ነው። ከዚያ አዋጅ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ግን እርስዎ ቡዳ ተብዬ ተሰድቤአለሁ ብለው ይጽፉልኛል።

ከዚህ ተነሥቶ ነገሩ ተስፋ የለውም ወደ ማለት መሄድ ስህተት ነው። እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ተሳድዶ የነበረ የሃይማኖት ወገን ከብዙኃኑ ጋር የታረቀበት ቦታ አለ። አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና ትከበር በማለታቸው ተገፍተው አገር ለቀው በ1352 (እ.ኤ.አ.) በአርመን አገር አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸውም ከክህነትና ከቤተ መንግሥት ተገልለው ወደ ሰሜን፣ ዛሬ ኤርትራ ወደምንለው አገር ዘልቀው ደብረ ማርያምንና ደብረ ቢዘንን የመሰሉ ገዳማት መሠረቱ፤ ጠፍ መሬት አቀኑ፣ ወንጌል ያልደረሰበትን ሕዝብ አስተማሩ፣ ከአካባቢው መሳፍንት ጋር ተዛመዱ። መሪያቸው አባ ፊልጶስ ታስረው ከቆዩ በኋላ በ1404 (እ.ኤ.አ.) በዐፄ ዳዊት ፈቃድ ተፈትተው ቅዳሜን እንዲያከብሩ ተፈቀደላቸው። ፈቃድ ግን እርቅ አይደለም። እርቁ የመጣው ከዚያ አርባ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1450 (እ.ኤ.አ.) በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። በጉባኤው ቤተ ክርስቲያኒቱ የቅዳሜን ሰንበትነት ተቀበለች፤ እነሱም በበኩላቸው ሲርቁት ከቆዩት ከግብፃውያን ጳጳሳት እጅ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። ሁለቱም ወገን ሰጠ፣ ሁለቱም ተቀበለ፤ የኔ ትኩረት በዚህ ላይ ነው።

የታሪኩን ሌላ ገጽ ሳላነሣ ባልፍ ግን አታልልዎታለሁ። በደብረ ምጥማቅ ያስታረቀው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ለንጉሡ አንሰግድም በማለታቸውና በሌሎችም የትምህርት ልዩነቶች የተወነጀሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኮሳት በድንጋይ ያስወገረ ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው፣ ከተወገሩ ከሠላሳ ስምንት ቀን በኋላ በሰማይ ብርሃን በመታየቱ በዚያ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ ስሙም ደብረ ብርሃን ተባለ። ይህን የምጽፍልዎት ከዚያችው ከተማ ሆኜ ነው። ከሞት የተረፉት መነኮሳት በአጋመ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ጸንተው፣ እጅግ የሚደነቁ ብራና ጽፈው፣ ከትውልዶች በኋላ ዳግመኛ የቤተ ክርስቲያኒቱ አካል ሆኑ። መገለል አንዱ መንገድ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የገዳም መንገድ ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሚልክና ከጎረቤት እሳት የሚጫጫር ቤተሰብ ሊከተለው አይችልም። ለእርስዎ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፦ አንድ ንጉሥ፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አካባቢ፣ አንዱን አስታርቆ ሌላውን አስወገረ። ስለዚህ የአንድ ወረዳ አስተዳዳሪ ወይም የአንድ ባለሥልጣን በጎ ፈቃድ ሲገኝ ይጠቀሙበት፤ ቤትዎን ግን በእሱ ላይ አይሥሩ።

አሁን በግልጽ ስለ መኖር ወደሚለው ልምጣ። የሽማግሌዎቻችሁን ፍርሃት እንደ ኋላ ቀርነት አይዩት። መደበቅ ሥራውን ሠርቷል፤ እናንተን እዚህ አድርሷል። ነገር ግን ዋጋ አስከፍሏል፤ ሌሊት በር ዘግቶ የሚጸልይ ቤት በውጭ ላለው ጎረቤት የሚታየው እንደ ጸሎት ቤት አይደለም፤ የማይታወቀውን ነገር ደግሞ ሰው በሚያውቀው ተረት ይሞላዋል።

በ615 (እ.ኤ.አ.) ከመካ ተሳድደው ወደ አክሱም የመጡት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ታሪክ በአገራችን የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም፤ አንድ ብዙ የማይነሣ ክፍል ግን አለው። ያሳደዷቸው የመካ ጎሳ የቁረይሾች መልእክተኞች ስደተኞቹን ለማስመለስ በመጡ ጊዜ፣ ስለ ስደተኞቹ የተናገረው ጃዕፈር በንጉሡ ፊት ስለ ማርያም የሚናገረውን የቁርኣን ክፍል አነበበ፤ ንጉሡም ልቡ ተነካ። በማግሥቱ መልእክተኞቹ ተመልሰው፣ ስለ ኢየሱስ ክፉ ነገር ይናገራሉና ጠይቃቸው አሉ። ስደተኞቹ ተጨነቁ፤ ሆኖም የሚያምኑትን ሳይሸሽጉ ለመናገር ወስነው፣ የአምላክ አገልጋይና መልእክተኛ ነው ብለው መለሱ። በትውፊቱ መሠረት ንጉሡ በዚህም አልተቆጣም። ቅደም ተከተሉን ያስተውሉ፦ በመጀመሪያው ቀን የጋራ የሆነው ቀረበ፣ በሁለተኛው ቀን ሲጠየቁ የተለየው ሳይደበቅ ተነገረ። የተለየውን አስቀድሞ ማወጅ ጠብ መጫር ይሆናል፤ ሲጠየቁ መካድ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ቃል ሁሉ ያስዋሻል።

የእናንተ «የመጀመሪያ ቀን» ቃል ሩቅ አይደለም። ከደብረ ምጥማቅ ወዲህ ጎረቤታችሁ ቅዳሜን ቀዳሚት ሰንበት ብሎ ይጠራታል፤ የኦሪትን መጻሕፍት ያነባል፣ ልጁን በስምንተኛው ቀን ይገርዛል፣ የአሳማ ሥጋ አይበላም። ሁለታችሁ አንድ ሃይማኖት ናችሁ እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ቢሉ እነሱም እናንተም ትቀየማላችሁ። ቅዳሜ ከሥራ ማረፋችሁን ለተጉለት ሰው ለማስረዳት ከባሕር ማዶ የመጣ ቃል አያስፈልጋችሁም ማለቴ ነው።

በዚህ ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች አሉኝ። የሌላ ቤተሰብ ምሥጢር የእርስዎ አይደለም፤ ስለ ራስዎ ቤት ብቻ ይናገሩ፣ «እኛ» ከማለትዎ በፊት እነማን እንደተስማሙ ይቁጠሩ። የአንድ ወጣት ግልጽነት በማግሥቱ የአንዲት መበለትን ገበያ ሊያዘጋ ይችላል። ሁለተኛው የነፍስ አባት ጉዳይ ነው። ቤተሰብዎ በአደባባይ ሲሳለም ከኖረ ምናልባት ለዘመናት ደጃችሁን የረገጠ፣ ጠበል የረጨ፣ ሙታናችሁን የፈታ የነፍስ አባት ይኖራችሁ ይሆናል። እኚህ ሰው ነገሩን ከወሬ ከሰሙት ተታለልኩ ይላሉ፤ የቄስ ቅያሜ ደግሞ የአጥቢያ ቅያሜ ይሆናል። ከቤተሰቡ ታላቅ የሆነ ሰው አስቀድሞ ቤታቸው ሄዶ፣ ስላደረጉት ሁሉ አመስግኖ፣ ከእንግዲህ በአባቶቹ ልማድ እንደሚኖር ቢነግራቸው፣ ባይባርኩ እንኳ ተዋረድኩ አይሉም። አንዳንዶቹ ከገመትነው በላይ ያውቁ እንደነበር በሥራዬ ተረድቻለሁ፤ አውቀው ዝም ያሉ ቄሶች ውለታ መቼም አይጻፍም። ሦስተኛ፣ የተዋችሁትን አትንቀፉ። በቅርብ ነጻ የወጣ ሰው የቆየበትን ቤት መርገም ይቀናዋል፤ ጎረቤት ግን የሚሰማው የእናንተን ነጻነት ሳይሆን የእሱን ታቦት መነቀፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ዕድር ጉዳይ ልምጣ። ከላይ እንዳልኩት የጎደለው ነገር በሁለቱም ወገን የሚከፈል ግዴታ ነው። ማኅበርና ሰንበቴ በጻድቅ ስም የሚጠጡ ስለሆኑ በግልጽ እምነታችሁን ስትይዙ ከእነሱ መውጣታችሁ አይቀርም፤ ይህን ሳታስቡ ብትወጡ ከሕዝቡ ጋር የሚያገናኛችሁ የመጨረሻው ክር ይበጠሳል። ዕድር ግን፣ አንዳንድ ቦታ ቅሬ የሚባለው፣ በመሠረቱ የሰፈር ነው። ጡሩምባ ሲነፋ የሚወጣው የአንድ ሃይማኖት ሰው ሳይሆን የአንድ አካባቢ ሰው ነው፤ ድንኳን የሚተክለው፣ አግዳሚ የሚሸከመው፣ ከለቀስተኛው ጋር የሚያድረው፣ ባልመጣበት ቀን ቅጣት የሚከፍለው። ከቅጣት የማይቀር አባል ሙሉ አባል ነው! ይህን እንደ ቀልድ አይውሰዱት፤ ባለ እጅ አባል ሆኖ መዋጮ የሚከፍልበት፣ ነገር ግን ከሥራ ምድብ በዝምታ የሚታለፍበት ዕድር አይቻለሁ። በቸርነት የተደረገ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን መገለል ነው፤ እጁ ንፍሮ እንዳይነካ፣ ድስት እንዳያቀርብ ታስቦ የተደረገ ነው። እንዲህ ካለ ተራችሁን ጠይቁ። መቃብር ቁፋሮ፣ ውኃ መቅዳት፣ ሌሊት ማደር፣ በተለይም እርስዎ መምህር ስለሆኑ የዕድሩ ጸሐፊነት፤ በዕድር መዝገብ ላይ የሁሉንም ስም በየወሩ የሚጠራ ሰው ለረጅም ጊዜ እንግዳ ሆኖ ሊቆይ አይችልም።

የምግቡ ነገር እንዳያስፈራዎ፤ አገሩ ለዚህ የቆየ ብልሃት አለው። በይፋትና ከዚያ ወዲያ በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን ሥጋ ሳይበላ ሠርግና ለቅሶ አብሮ የሚውለው ለየራሱ አርዶ፣ ወይም የጾም ምግብ አቅርቦ ነው። ንፍሮ፣ ሽሮ፣ ምስር ማንንም አያረክስም። እናንተም የራሳችሁ የእርድ ሥርዓት ካላችሁ አዲስ ክርክር ሳትከፍቱ በዚያው በተለመደው ብልሃት መግባት ትችላላችሁ። የቡዳ ፍርሃት የተቀመጠው ገበታ ላይ ነው ብዬ ነበር፤ የሚነሣውም እዚያው ነው፤ በስብከት ሳይሆን በለቅሶ ቤት ከአንድ ሰፌድ ንፍሮ እየተቀበሉ ስንት ሰዓት በመቀመጥ። ቶሎ አይሆንም። መጀመሪያ የሚቀምሱት ሽማግሌዎች አይሆኑም፤ ከልጆችዎ ጋር አብረው የተማሩት ይሆናሉ።

የወንጌላውያን አማኞች ልምድ እዚህ ላይ ጠቃሚ ነው። በደርግ ዘመን ብዙ ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቶ፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገድለው፣ ምእመናኑ በየቤቱ ተደብቀው ሲጸልዩ ኖሩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነጻነት ሲመጣ በብዙ ከተሞች የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው በስብከት ሳይሆን በመቃብር ነው፤ ሬሳ ተሸክመው ከአጥቢያ በር የተመለሱ ቤተሰቦች ነበሩ። አንዳንዱ ቦታ የራሳቸውን ዕድር አቋቋሙ። ይህ ለጊዜው ችግራቸውን ፈታ፤ በእኔ አመለካከት ግን ዘላቂ ጉዳት አመጣ፤ ሰፈሩ በሞት ቀን እንኳ እንዳይገናኝ አደረገው። የተሻለ የሠራው፣ የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ተሻሽሎ፣ ድንኳንና ማስተዛዘን የዕድሩ፣ ጸሎትና ሥርዓተ ቀብር የቤተሰቡ እንዲሆን የተደረገበት ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው አንዲት አንቀጽ ናት።

ስለ ሕግ አጭር ቃል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ፣ የማምለክና የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመቃብር ቦታ ከአስተዳደሩ ስትጠይቁ በዚህ ተመርታችሁ ጠይቁ፤ ድብደባ ወይም ዛቻ ሲመጣ ደግሞ ወደ ፖሊስ ሂዱ፤ የወንጀል ጉዳይ በሽማግሌ ብቻ ተሸፋፍኖ እንዲቀር አትፍቀዱ። ሕጉ የሚሰጣችሁ ግን ላለመነካት ነው፤ ቡና ለመጠራራት አንቀጽ የለውም።

ከውጭ አገር ስለሚመጣ ወዳጅነትም ልጨምር። በአዲስ አበባው ቀጨኔም ሆነ በሰሜን ሸዋ ያለው የቤተ እስራኤል ታሪክ ከታወቀ ወዲህ ካሜራ የያዘ እንግዳ መምጣቱ አልቀረም። እንግዳን መቀበል መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎረቤት የሚያየው መኪናውን ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሊሄዱ ነው ብሎ ሲያስብም፣ ሊሄድ ከተነሣ ሰው ጋር ማን ይወዳጃል? ድጋፍ ከመጣ ለሁሉ የሚሆን ይሁን። የኢራን ባሃኢዎች፣ ከእናንተ የባሰ መከራ ያዩ የአንድ አነስተኛ ሃይማኖት ተከታዮች፣ በ1899 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በቴህራን የከፈቱት ተርቢያት የተባለ ትምህርት ቤት የሙስሊም ልጆችንም ይቀበል ነበር፤ የታወቁ ሰዎች ልጆቻቸውን ይልኩበት ነበር። በ1934 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ዘጋው፤ ከ1979ኙ (እ.ኤ.አ.) አብዮት በኋላም ከሁለት መቶ በላይ ባሃኢዎች ተገድለዋል። ስለዚህ ለሁሉ የተከፈተ በር ከመንግሥት ዱላ ያድናል ብዬ ላታልልዎ አልችልም። የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ስለ ባሃኢ የሚነገረውን ተረት ሲሰማ አብሮት የተቀመጠውን ልጅ ያስታውሳል። ለእናንተ ትምህርት ቤት መክፈት ላይሆንላችሁ ይችላል፤ የሸክላ ሥራችሁን የገበሬ ልጆች ሊማሩት የሚችሉበት አንድ ደጃፍ መክፈት ግን ከአቅማችሁ በላይ አይመስለኝም። ጥበቡን ከቤታችሁ እንዳይወጣ ያደረገው እናንተም ናችሁና፣ ይህ ከእናንተ የሚጠየቅ ነው። ሽማግሌዎቻችሁ ሙያው መተዳደሪያችን ነው፣ ከወጣ ምን ይቀርልናል ይላሉ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም፣ በዚህ ላይ ወሳኙ እናንተ ናችሁ።

ወደ እናትዎ ልመለስ። አሁን በሕይወት ሳሉ፣ ጤና ሳሉ ያድርጉት፤ በሞት ቀን የሚነሣ የመቃብር ጥያቄ ሁልጊዜ ጠብ ነው። በመጀመሪያ እሳቸውን ይጠይቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአጥቢያው ኖረው፣ ከእናታቸው አጠገብ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ልቀበር ቢሉ፣ የእርስዎ ግልጽነት በእሳቸው አስከሬን ላይ የሚፈጸም አይደለም፤ እንደ ፈቃዳቸው ይደረግ። በአባቶቼ ሥርዓት ቅበሩኝ ካሉ ደግሞ፣ የዕድሩን ዳኛ ለብቻቸው ቤታቸው ሄደው ያነጋግሩ፤ በስብሰባ ላይ ድንገት አያንሡት፣ ሰው በተሰበሰበበት የተጠየቀ ዳኛ ለሕዝቡ ሲል እንቢ ማለቱ አይቀርምና። የቦታ ጥያቄውን ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ አስገብተው ቅጂውን ይያዙ፤ ከደንቡ ውስጥ የሚጨመረውን አንቀጽም ራስዎ ጽፈው ለዳኛው ይስጡ። እናትዎ መሄድ ከቻሉ ደግሞ፣ በሚቀጥለው የሰፈር ለቅሶ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ከሴቶቹ መካከል ይቀመጡ፣ ንፍሮውም ሲዞር ይቀበሉ።